አሥሩ የርክክብ ጥይቶች

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2011። የኦበርሎህ መንደር ነዋሪ የሆኑት የ81 ዓመቱ አቶ ጎትፍሪድ ኤሽሊማን ከቅዳሜ ጀምሮ ያሉበት አይታወቅም።

የምስክሩ ስም፦ ኒክላውስ ዛውግ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የጣሪያ አናጺ
አድራሻ፦ ታልማት፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ የቤት ቁጥር 7
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ታልማት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡10
ቃሉን የተቀበለችው፦ ኮርፖራል ሳንድሪን ሞኔ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። የቀረብኩት ትናንት ማታ በስልክ ተጠርቼ ሲሆን፣ በታዘዝኩት መሠረት ጠመንጃውን ይዤ መጥቻለሁ። ባዶ መሆኑንም ኮርፖራሏ ፊት ከፍቼ አሳይቻለሁ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ጠረጴዛው ማሞቂያው ሥር ስለሆነ፣ ሙቀቱ እንጨቱን ሳያጣምመው ወደ መስኮቱ በኩል እንዲዞር ጠይቄ በኋላ እንደሚታይ ተነግሮኛል።

አቶ ኤሽሊማንን የማውቃቸው የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት የኦበርሎህ ተኳሾች ማኅበር አባል ከሆንኩ ጀምሮ ነው። ዝምድናም ጠብም የለንም። ሰው ሁሉ ጎዲ ይላቸዋል። በማኅበሩ ውስጥ ታላቅ ታናሽ ሳይባል ሁሉም አንተ ስለሚባባል፣ እኔም ፊት ለፊት ሳነጋግራቸው አንተ ነው የምላቸው።

ስለ ጠመንጃው ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። የተሠራው ሆፍሽቴተር በሚባሉ ጠመንጃ ሠሪ እጅ ነው። ሰውዬው በዕድሜያቸው የሠሩት መቶ አርባ ብቻ ሲሆን፣ በ1971 ሲሞቱ ሥራው አብሮ ቀርቷል። ልጅም ደቀ መዝሙርም አልተዉም። ይኼኛው ቁጥሩ 88 ነው። ለሦስት መቶ ሜትር ዒላማ እንጂ ለሌላ ነገር አይሆንም። አይታደንበትም፤ ሰባት ኪሎ ስለሚመዝን ተሸክሞትም የሚዞር የለም። ሰደፉ የሚቀረጸው በተኳሹ ሰውነት ልክ ነው፤ አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ፣ ብብት ሥር የሚያዝ ቆልማማ ብረት፣ ጉንጭ የሚያርፍበት እንጨት አለው። ሌላ ሰው ሲይዘው የሰው ጫማ እንዳደረገ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ የሚፈልገው ብዙ ነው። ያላቸው ሰዎች ግን አይሸጡም።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት በ19 ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመከር መዝጊያ ውድድር ላይ፣ ሽጥልኝ እያልኩ ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ ቀልድ ነበር። አንድ ዓመት፣ «ስሞት ና። ግን ማልደህ ና፤ ወረፋ አለ» አሉኝ። በሌላ ዓመት ደግሞ ጠረጴዛው ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «አንተ ኒክላውስ፣ በዓመት አንዴ እየመጣህ የጠመንጃዬን ጤንነት ትጠይቃለህ። የእኔን ጉልበት የምትጠይቀው መቼ ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጉልበታቸው ታማሚ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ፣ የግራው። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ባለፈው ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጣሪያ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ። «ናና ውሰደው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሁለቱን የሥራ ባልደረቦቼን ጣሪያው ላይ ትቼ ወረድኩ፤ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ኦበርሎህ ደረስኩ። ጠመንጃውን የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ዘርግተው አስቀምጠውት ነበር። የውሉንም ወረቀት በራሳቸው እጅ ሞልተው ጨርሰዋል። ሕጉ ሻጭና ገዢ አንድ አንድ ቅጂ ለአሥር ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ሲፈርሙ፣ «አሥር ዓመት ይላል። አንዱን ዓመት እኔ እሞክራለሁ፤ ዘጠኙን አንተ ትጨርስልኛለህ» ብለው ሳቁ።

ዋጋው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፍራንክ ነው። እኔ እስከ አራት ሺህ ለመስጠት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ለምን ዋጋው እንዳነሰ አልጠየቅኩም። ያልጠየቅኩት ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈርቼ ነው።

ለምን እንደሚሸጡ ነግረውህ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ። «ቀኝ ዓይኔ ዒላማውን ሁለት ያደርገዋል። ሁለቱንም እመታለሁ፤ ሁለተኛውን የሚቆጥርልኝ ነው ያጣሁት» ብለዋል። አዝነው ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላውቅም። ዓይኔ ጠመንጃው ላይ ነበር።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ መኪናዬ ስወስደው በምርኩዛቸው እያዘገሙ ተከተሉኝ። የኋላውን በር ስዘጋ፣ «መቼ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«አሥሩ ነዋ!»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኮርፖራሏ ስለጠየቀችኝ አስረድቻለሁ። በእኛ ማኅበር ጠመንጃ በፊርማ ብቻ ተላልፏል አይባልም። ተቀባዩ አሥር ጥይት ይተኩሳል፤ ሰጪው ከዒላማው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ወርዶ እያንዳንዱ ጥይት የት እንዳረፈ ያሳየዋል። አሥረኛው ሲታይ ጠመንጃው የተቀባዩ ሆነ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ተቀባዩ ምንም መሣሪያ አያስነካውም። ማነጣጠሪያውን እንኳ አያዞርም። የጉድጓዱ ጥልቀት ከአንድ ሰው ተኩል ቁመት በላይ ነው። እዚያ የሚሠራው ሰው ጠቋሚ ይባላል። ጠቋሚ ተኳሹን አያየውም፤ የሚያውቀው የጥይቱን ድምፅ ብቻ ነው። ተኩሱ አብቅቶ ተኳሹ ካለበት የተኩስ ቤት ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ካልተነፋለት በስተቀር ከጉድጓዱ አይወጣም። በአባቴ ዘመን አንዱ ሳይነፋለት ወጥቶ ትከሻውን ተመቷል፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ደንብ የጣሰ የለም። አቶ ኤሽሊማን ራሳቸው ሃያ ዓመት ያህል ጠቋሚ ነበሩ። ኮርፖራሏ ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ገልጻ ወደ ረቡዕ እንድመለስ ነግራኛለች።

ለአቶ ኤሽሊማን፣ «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት» አልኳቸው። ሞተሩን አስነስቼ ነበር። መስኮቱን በምርኩዛቸው እጀታ ነካ ነካ አድርገው፣ «የት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ኧረ አውቃለሁ፣ ጎዲ! ትናንት የመጣሁ አደረግከኝ እንዴ?» አልኳቸው። «እንግዲያው ቀድሜህ እገኛለሁ። ጠቋሚ አያረፍድም» አሉ። ሄድኩ። በመስታወት ሳያቸው ገና ከመንገዱ ወደ ቤት አልገቡም ነበር።

እኔ የተረዳሁት እዚሁ ታልማት ያለውን አዲሱን ሜዳ ነው። የኦበርሎህ ማኅበር በ1998 ከታልማቱ ጋር ተዋህዶ የድሮው ሜዳ ተዘግቷል። በአዲሱ ሜዳ ጉድጓድም ጠቋሚም የለም፤ ጥይቱ የት እንዳረፈ ተኳሹ አጠገብ ባለ ስክሪን ላይ በመብራት ይታያል። ዛሬ ዛሬ ርክክብ ሲኖር ሰጪው ከኋላ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፤ ከዚያ ቢራ ይጠጣል። አቶ ኤሽሊማን አዲሱ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ መጥተዋል ተብዬ ስጠየቅ፣ ለመዝጊያው ግብዣ ይመጣሉ። ሲተኩሱ ግን አይቻቸው አላውቅም። «መብራት አንድ ቁጥር ይነግርሃል እንጂ አያነጋግርህም» ይላሉ።

በዚህ ጊዜ ተነስቼ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። እንድቀመጥ ተነግሮኝ ተቀመጥኩ። ጠመንጃው ይወሰድብኛል ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ለአሁኑ ይህን መመለስ እንደማይቻል ተነግሮኛል። ውሉ ሕጋዊ መሆኑን፣ ቅጂውም ኪሴ ውስጥ እንዳለ ገልጫለሁ።

ሐሙስ ማታ በግል የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስሞክረው የጉንጩ እንጨት ከፍ ብሎ አስቸገረኝ። የአቶ ኤሽሊማን ፊት እንደ ምሳር ስለት ቀጭን ነው፤ የእኔ እንደሚታየው ሰፊ ነው። በማነጣጠሪያው ቀዳዳ ግማሽ ዒላማ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሞረድ አነሳሁ። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ለመንካት ነበር ሐሳቤ። ሠላሳ ዓመት እንጨት የሠራ እጅ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። አራት ሚሊ ሜትር ያህል አወረድኩት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። መብራቱን አስጠግቼ ሳየው ነው የሠራሁት የታየኝ። እንጨቱ ከላይ ከአርባ ዓመት ላብና ዘይት የተነሳ እንደ ጥቁር ቡና ነው፤ እኔ የፋቅሁት ቦታ የቁስል ጠባሳ መሰለ። ኮርፖራሏም ጠረጴዛው ላይ አይታዋለች። ቡናማ የእንጨት ማቅለሚያ ቀባሁት። ባሰበት።

ትናንት ማታ ስትደውሉልኝ የመሰለኝ ለዚህ ጉዳይ ነው። አቶ ኤሽሊማን ሰምተው የከሰሱኝ መስሎኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ለሜዳው ተቆጣጣሪ ለወይዘሮ ማርግሪት ዝቢንደን ደውዬ የቅዳሜ ሰዓቴን ከስምንት ሰዓት ወደ ጠዋት አራት ሰዓት አዛወርኩ። ለአቶ ኤሽሊማን አልነገርኳቸውም። ያልነገርኳቸው የተፋቀውን እንዳያዩ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው ሲያጡኝ ይቆጣሉ፤ በሌላ ቀን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይህን ማንም ሳያስገድደኝ እናገራለሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አሥሩን ተኮስኩ። ከመቶ ዘጠና ስድስት ነጥብ አገኘሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ተኩሼ አላውቅም። ከእኔና ከማርግሪት በስተቀር ሰው አልነበረም። ቁጥሩን አይታ አፏን ያዘች፤ ከዚያ፣ «ጎዲ የታለ?» አለችኝ።

«ቀርቷል።»

«ጎዲ? ለገዛ ጠመንጃው ርክክብ? ይልቅ አንተ ምን ሆነሃል፤ ዘጠና ስድስት የመታ ሰው እንዲህ በሩን በሩን ያያል እንዴ? ሰርቀህ ነው?»

«አፍሽን ያዢ፣ ማርግሪት» ብያት አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ ተብዬ ስጠየቅ፣ ቤቴ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ ምን ትጠብቃለህ ስትለኝ ምንም አልኳት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለማርግሪት ደወልኩ። ጎዲ መጥቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልመጣም አለች። ደስ አለኝ። ሰማንያ አንድ ዓመት ነው፣ ረስቶታል ብዬ አሰብኩ። ደስ እንዳለኝ ይጻፍልኝ። ቅዳሜ ማታ ሲዘንብ አደረ። እሑድ ጠመንጃውን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የአቶ ኤሽሊማን ልጅ ወይዘሮ ሬጉላ ደወለችልኝ። እንደ ወትሮዋ ለእሑድ ምሳ ስትመጣ ቤቱን ባዶ እንዳገኘችው፣ አልጋው እንዳልተተኛበት ነገረችኝ። አባባን አይተኸዋል ወይ አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም አልኳት። ይህ እውነት ነው። ለቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ እንደነበረን ግን አልነገርኳትም። ለምን ተብዬ ስጠየቅ፣ ቀጠሮውን ከነገርኳት ለምን እንዳልተገኘሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ኮርፖራሏ በዚህ ጊዜ የሚከተለውን ገልጻልኛለች። የሸጡበት ገንዘብ ሳይነካ በፖስታ ሆኖ የልጃቸው ስም ተጽፎበት ማድ ቤት ተገኝቷል። ውሉ አጠገቡ ነበር። ውድ ንብረቱን በርካሽ የሸጠና ገንዘቡን ለልጁ የተወ ሽማግሌ ምን ሊያስብ እንደሚችል ፖሊስ ከልምድ እንደሚያውቅ፣ ስለዚህም ከትናንት ማታ ጀምሮ የወንዙ ዳር እየተፈለገ መሆኑን ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከንግግራቸው አስተውለህ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላስተዋልኩም። ላስተውል እችል እንደነበር ስጠየቅ፣ ከጠመንጃው ሌላ አንድም ነገር አላስተዋልኩም። የማድ ቤቱ መጋረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። በልተው ይሁን አይሁን አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ነው እንግዲህ።

ውሃ ተሰጥቶኝ ጠጣሁ። ማሞቂያው እንዲቀነስ ጠየቅኩ።

ቀጥሎ ኮርፖራሏ ከቤቱ የጎደሉ ናቸው ተብለው በወይዘሮ ሬጉላ የተመዘገቡትን ዕቃዎች አንብባልኝ፣ የማውቀው ነገር ካለ እንድናገር ጠየቀችኝ። ያነበበችው ይህ ነው። ቡናማ የዝናብ ካፖርት። የጎማ ቦት ጫማ። ፔርሙዝ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተሰቅሎ የነበረ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ሰሌዳ የተመታበት፣ የሰሌዳው አንዱ ገጽ ቀይ ሌላው ነጭ የሆነ፤ ልጅቷ እንደምትለው በእናቷ ጊዜ ዳቦ ከምድጃ የሚወጣበት።

የመጨረሻውን እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ።

ለዳቦ አይደለም። ዳቦ የሚወጣበት ቀይ አይቀባም። የጠቋሚ ዘንግ ነው። ጥይቱ ያረፈበትን ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በሰሌዳው ያሳያል፤ ተኳሹ መሐሉን መትቶ አሥር ነጥብ ሲያገኝ ቀዩን ገጽ ያወዛውዛል። በአዲሱ ሜዳ ምንም አይሠራም። አቶ ኤሽሊማን ወንዝ አልሄዱም። ፔርሙዝ ይዞ ወንዝ የሚገባ የለም።

ታዲያ የት ነው የሚገኙት ተብዬ ስጠየቅ፣ ሻተንሃልደን። የድሮው ሜዳችን። ከኦበርሎህ በላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ጉልበት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የተኩስ ቤቱ ዛሬ የሣር ድርቆሽ መከማቻ ነው። ከጉድጓዱ ጋር ያገናኝ የነበረው ስልክ ከተቆረጠ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉድጓዱ ግን አልተደፈነም። መሰላሉ የእንጨት ነው፤ ሜዳው ሲዘጋ ይነሳ ተብሎ ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልጠገነውም። የማኅበሩ ንብረት ተቆጣጣሪ በዚያን ጊዜ እኔ ነበርኩ። የት እንደሆነ ታውቃለህ ብለው ጠይቀውኛል። አውቃለሁ ብያቸዋለሁ። ለሳቸው ርክክብ የሚሆነው ጉድጓድ ያለበት ቦታ ነው፤ ሌላ የት ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ከታች ሆኖ ማንም እንዳልመጣ አይታይም። ድምፅ ነው የሚጠብቁት። መሰላሉ ባይሰበርባቸው እንኳ ጡሩንባ ሳይነፋላቸው አይወጡም። ጎዲን አላወቃችሁትም፤ አይወጣም።

ተነስቻለሁ። እንድቀመጥ ተነግሮኛል። ኮርፖራሏ በሬዲዮ እየተነጋገረች ነው፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪነሱ እንድጠብቅ፣ መንገዱንም እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ከኦበርሎህ ቤተ ክርስቲያን በግራ፣ ከብረት በሩ በኋላ የድርቆሽ ጋሪ መንገድ። በሩ በሰንሰለት የታሰረ ነው፤ በመኪናዬ ውስጥ መቁረጫ አለኝ። የማኅበሩ ጡሩንባ አዲሱ ክለብ ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሏል። እሱን ለማምጣት ጊዜ የለም። የመኪናዬን ክላክስ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ፤ ይሰማሉ፣ ጆሯቸው ደህና ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት እውነት ነው፤ የደበቅኩትም ካለ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ያልተጠየቅኩት ብዙ አለ፤ እሱ ይቆይ። ለመፈረም ጊዜ የለኝም፤ ስመለስ እፈርማለሁ። ልብሴን አቀብሉኝ

የምስክሩ ፊርማ፦ —

የተቀባይዋ ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከጠዋቱ 3፡25 ሰዓት ላይ ቃሉን ሳይጨርስና ሳይፈርም ወጥቷል። እንዲቆም ብነግረውም አልቆመም። ቁጥር 88 የሆነው ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፤ ደረሰኝ አልጠየቀም። ከማሞቂያው አንስቼ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ኮርፖራል ሳንድሪን ሞኔ (ፊርማ)